የሙስሊሞቹ በግ

ጋሼ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ድግስ ቤት ሲገቡ ከመቀመጣቸው በፊት የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፤ «የሙስሊሞቹ በግ ታረደ?» ካልታረደ አይቀመጡም። መርካቶ ውስጥ ሱቃቸው አጠገብ ሠላሳ ዓመት ጨርቅ የነገዱትን ሐጂን ያስጠሩና በጉን በእሳቸው እጅ ያሳርዳሉ። ድስቱ ለብቻ፣ ጭልፋው ለብቻ መሆኑን ሳያዩ ነጠላቸውን ሰብስበው አያርፉም።

ባለፈው ቅዳሜ የራሳቸው አርባ ወጣ። አብነት ሰፈር፣ ቤታቸው ደጅ ድንኳን ተጥሎ ሰንጋ ታረደ። በግ ግን የለም። የበኩር ልጃቸው ዋዜማውን ከልክሎ ነበር። «በክርስቲያን ተዝካር የምን የእስላም ቢላ ነው? ሃይማኖት ይከበር እንጂ!»

የቱ ሃይማኖት? ጋሼ ጾም ሳይሽሩ፣ ኪዳን ሳያስታጉሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ያንን በግ ሲያሳርዳቸው የኖረው ያው ሃይማኖታቸው አይደለም እንዴ? ልጃቸው የያዘው ግን ስልኩ ላይ ሲጮኹ ከሚውሉ ሰባኪዎች የለቀመውን ነው። ጎረቤትን ጦሙን የሚሰድ ጽድቅ! እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሐጂ፣ የጋሼን አስከሬን ተሸክመው የቀበሩት ሰው፣ ድንኳኑ ጥግ አንድ ለስላሳ ይዘው ተቀመጡ። ወጡን ይዤ ስደርስ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «በልቼ ነው የመጣሁት፣ ልጄ» አሉኝ። አልበሉም ነበር።

ልጁን ስረግም ሰነበትኩ። ነገር ግን ዋዜማውን ያን ሲናገር አጠገቡ ሽንኩርት እከትፍ ነበር። ጋሼ ቢሆኑ አይቀመጡም ነበር። እኔ ከተቀመጥኩበት ንቅንቅ ሳልል መክተፌን ቀጠልኩ።