ማንም ያልጠጣው ብርዝ

ይህ የደረሰብኝ በጃንሆይ ዘመን፣ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ አሰላ ውስጥ ነው። አሁን እርጅና ተጫጭኖኝ የልጅ ልጆቼን ስም ሳይቀር አምታታለሁ። የዚያን የኅዳር ሚካኤል ነገር ግን አልረሳሁትም። ሰው ተፈትቶ ሳለ እስረኛ ነኝ ብሎ ሲጠፋ በዓይኔ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ባለቤቴ ታፈሰ ኮርቻ ሠሪ ነበር። የአርሲ ባላገር ፈረሱን እንደ ልጁ ስለሚያይ ኮርቻውን በማንም አያሠራም፤ ታፈሰን ፈልገው ግን ከሮቤ ድረስ ይመጡ ነበር። ባሌ ስለሆነ አይደለም፣ እጁ ወርቅ ነበር። ግን ይጠጣል። አረቄ የቀመሰ እንደሆነ ሥራ የለ፣ ደንበኛ የለ፤ ውኃ ውስጥ የነከረው ቆዳ እዚያው ይገማል። እኔና ልጆቹ ድምፁን ከሩቅ ስንሰማ ጥግ ጥጋችንን እንይዛለን። ሲሰክር ይማታል፣ ሲበርድለት ያለቅሳል። ከሁለቱ የቱ ይበልጥ እንደሚያስመርረኝ አላውቅም።

አንድ ዓመት ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል የንስሐ አባታችን መምሬ ግዛው ዘንድ ይዞኝ ሄደ።

«አባ፣ ይገዝቱኝ» አላቸው። «አረቄም ሆነ ጠጅ፣ ጠላም ቢሆን፣ በአፌ ከዞረ ከይሁዳ ይደምረኝ ብዬ ልማል።»

መምሬ ነገሩ አልጣማቸውም። «ታፈሰ ልጄ፣ ግዝት ያስፈራ እንደሆነ ነው እንጂ ልብ አያነጻም። መጀመሪያ ንስሐህን ጨርስ፣ ቁረብ። ጌታ ራሱ ያቁምህ» አሉት።

እግራቸው ላይ ወድቆ አልነሳም አለ። ቢቸግራቸው ገዘቱት።

ከዚያ ወዲያ አልጠጣም። ልጆቹ ጭኑ ላይ መቀመጥ ጀመሩ። እኔም በር ሲንኳኳ መደንገጤን ተውኩ። ኦቦ ከድር የሚባሉ የሮቤ ደንበኛው ኮርቻቸውን ሊወስዱ መጥተው ስፌቱን በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «ያ ታፈሰ! ዘንድሮ እጅህ ዳነ» አሉት። እሱም ሳቀ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ግን ወደ እኔ ዞሮ «አላወቁም» አለኝ። «በአፌ አልጠጣም እንጂ በልቤ ስጠጣ ነው የምውለው። የያዘኝ ፍርሃት ብቻ ነው።»

ፍርሃትም ቢሆን ይያዝልኝ ብዬ ወደ ጓዳዬ ገባሁ።

ኅዳር ላይ የሚካኤል ማኅበር ተራው የእኛ ሆነ። ጠላ ጠመቅኩ፣ ድፎ ዳቦ ደፋሁ። ለታፈሰ ደግሞ ያላደረ ብርዝ በጥብጬ፣ በብርሌ አድርጌ እሱ ከሚቀመጥበት ጎን አኖርኩለት። ማርና ውኃ ብቻ ነው፤ አያሰክርም፣ ግዝትም አያፈርስም። መምሬ ግዛው ለቅሶ ደርሰው ሊመለሱ ኢተያ ወርደው ስለነበር ጸሎቱን ያደረሱት ሌላ ቄስ ናቸው። እኚህ ቄስ የታፈሰን ጉዳይ አያውቁም።

ማኅበር ላይ ጽዋው ተባርኮ ይዞራል። ውስጡ ያለው ጠላ ነው። ትልቅም ትንሽም ይቀምሳል፤ አልቀምስም ማለት መልአኩን አላውቅህም እንደ ማለት ይቆጠራል። ታፈሰ ዘንድ ሲደርስ እጁን ሰበሰበ።

«እኔን ይለፈኝ» አለ።

የማኅበሩ ሙሴ ሆነው የሚመሩን ሽማግሌው ጋሽ በየነ ተቆጡ። «በገዛ ቤትህ የሚካኤልን ጽዋ ታሳልፋለህ? ይሄ እኮ መጠጥ አይደለም፣ በረከት ነው!»

ቄሱም «ቅመስ ልጄ» አሉት። ሰው ሁሉ አፍጥጦ ያየዋል። እኔ ከጓዳው በር ላይ ሆኜ ግዝት አለበት ልል አፌን ስከፍት ጽዋውን ተቀብሎ ነበር። ከንፈሩን ብቻ ሊያስነካ ያሰበ መሰለኝ። ግን ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አየሁት።

ጽዋውን መለሰና ቁጭ አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። ማኅበርተኛው ወደ ጨዋታው ሲመለስ ታፈሰ ከጎኑ ያለውን ብርዝ ገፋ አድርጎ ጠላ እንዲቀዱለት ዋንጫውን ዘረጋ። ሮጥ ብዬ ጠጋ አልኩትና «በረከት ነው የቀመስከው፣ ስለ ሚካኤል እዚህ ላይ አቁም» አልኩት።

«ከይሁዳ ተደምሬ አለቅኩ» አለኝ። «ከዚህ በኋላ ምን እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው የምተወው?»

ያን ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ አረቄ ቤት ገባ።

መምሬ ከኢተያ ተመልሰው ሲሰሙ የመንገዱን አቧራ እንኳ ሳያራግፉ መጡ። «ልጄ፣ የገዘትኩህ እኔ፣ የምፈታህም እኔ። ከእኔ በፊት ግን ክርስቶስ በደሙ ፈትቶሃል። ኃጢአት ጌታህ አይደለም፣ እሱ ነው ጌታህ። ተነስ፣ እግዚአብሔር ይፍታህ» ብለው መስቀላቸውን ዘረጉለት።

ታፈሰ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «የይሁዳ ከንፈር መስቀል አይስምም» አለ።

መምሬ ደጋግመው መጡ፤ እሱም ደጋግሞ ዞረ። ቤተ ክርስቲያን መሳለሙን ተወ። ቆዳው ዳግመኛ ገማ፣ እኛም ጥግ መያዝ ጀመርን። ብዙም ሳይቆይ ሳንባውን ታመመ። ሊሞት ሲል መምሬ መስቀሉን ከንፈሩ ላይ ቢያደርጉለት ጥርሱን ገጠመ። አጠገቡ ነበርኩ፣ አይቻለሁ። ከሞተ በኋላ ፍትሐት ተደረገለት። በሕይወቱ እምቢ ያለውን ሬሳው እምቢ ማለት አልቻለም።

ዛሬ መምሬም በሕይወት የሉም። «ምሕረቱ ከእኛ ልብ ይሰፋል፣ አታልቅሺ» ይሉኝ ነበር። አምናቸዋለሁ። ያ ጥርሱን የገጠመ ፊት ሲመጣብኝ ግን ጸሎት ጀምሬ እተወዋለሁ። በጋሽ በየነ አልቆጣም፣ የሚያውቁትን ነው የተናገሩት። የምቆጣው በታፈሰ ነው። ፍርዱን ባመነበት ልብ በግማሹ እንኳ ምሕረቱን ቢያምን ኖሮ ልጆቼ አባት ይኖራቸው ነበር።

አሁንም የማኅበሩ ተራ ሲደርሰኝ ከጠላው ጎን ብርዝ አስቀምጣለሁ። ጠላ የማይጠጣ፣ ለመጠየቅም የሚያፍር ሰው ቢኖር ብዬ ነው። እስካሁን ያነሳው የለም። ማኅበርተኛው ሲበተን ደጅ ይዤው ወጥቼ እደፋዋለሁ።