ቴሴራዎቹ ቤት የቀሩ ዕለት

የጉልበቴ ጅማት ለሁለተኛ ጊዜ ሲበጠስ ሐኪሙ ኳስ እንዳበቃልኝ ነገረኝ። አሥራ አንድ ዓመት የተጫወትኩለት የኮልፌ ክለብ ግን አልጣለኝም፤ ቡድን መሪ አደረገኝ። ስሙ ትልቅ ነው፤ ሥራው ወረቀት ነው። ደብዳቤ ማመላለስ፣ ሜዳ ማስፈቀድ፣ ከሁሉም በላይ ቴሴራ መያዝ። ቴሴራ ማለት ፎቶ ያለበት የተጫዋች መታወቂያ ነው፤ ዳኛው እሱን ካላየ ማንም ሜዳ አይገባም፣ ቡድኑም በፎርፌ ይሸነፋል።

ከልጅነቴ ያሠለጠኑኝ አሠልጣኝ ሹመቴን አልወደዱትም።

«ኳስ ተጫዋችና ወረቀት አይተዋወቁም። አንድ ጨዋታ ልይህ፤ ካበላሸህ ሌላ ሰው ነው የማስመጣው» አሉኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ቴሴራዎቹን በየቀኑ ቆጠርኩ፤ አሥራ ዘጠኝ። ከኳስ ውጪ የማውቀው ነገር የለም፤ ይሄንንም ካጣሁ ምን ልሆን ነው እያልኩ እንደገና እቆጥራለሁ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? እሁድ ጠዋት ሜዳው ላይ አሠልጣኙ «ቴሴራ!» ሲሉ ቦርሳዬን ከፈትኩ። ታኬታዬ፣ ካልሲዬና ፎጣዬ ወጡ። አሥራ አንድ ዓመት እሁድ በመጣ ቁጥር ከበሩ ጀርባ የማነሣትን ቦርሳ እጄ ራሱ አንሥቷት ነበር። የቴሴራዎቹ ፋይል ሳንሱሲ ሰፈር፣ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል።

«መጣሁ ጋሼ» ብዬ ወደ ታክሲ ሮጥኩ። ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ይቀረዋል።

ቤት ስደርስ ተቆልፏል። ቁልፉ እናቴ ጋ ነው፤ እናቴ ቸርች ናት፤ ስልኳ ዝግ ነው። የአካባቢያችን ቸርች ቅርብ ቢሆንም ለዓመታት ረግጬው አላውቅም። እሁድ ጨዋታ አለብኝ እያልኩ ነበር የማመልጣት። ጉልበቴ ከተጎዳ ወዲህ «አሁንማ ሰበብ የለህም» ትለኛለች።

በዝማሬ መሃል ገባሁ። አስተናጋጁ ክንዴን ይዞ በደስታ ወደ ፊት ወሰደኝ። እናቴ ዞር ብላ ስታየኝ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ልጄ! ጌታ ይመስገን! መጣህልኝ!»

«እማዬ፣ ቁልፉን ስጪኝ።»

«የምን ቁልፍ?»

«የቤቱን። ወረቀት ረስቼ ነው።»

ይዛው የነበረውን እጄን ለቀቀችው። ቦርሳዋን ከፍታ ቁልፉን ሰጠችኝና ፊቷን ወደ መድረኩ መለሰች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አፈርኩ፤ ግን ለማፈርም ጊዜ አልነበረኝም።

ፋይሉን ደረቴ ላይ ለጥፌ ስመለስ ታክሲው መንገድ ላይ ቆመ። ከፊት መኪና፣ ከኋላ መኪና። ረዳቱ ላይ ጮህኩበት፤ እሱ ምን ያድርግ! «ወራጅ!» ብዬ ወረድኩና በዚያች ጉልበቴ መሮጥ ጀመርኩ። እያንዳንዷ እርምጃ ጥርሴን ታስነክሰኛለች።

ስደርስ ተጋጣሚዎቻችን ተሰልፈዋል። ዳኛው ሰዓቱን ያያል። አሠልጣኙ ፋይሉን ከእጄ ነጥቀው ለዳኛው ሰጡት። ልጆቻችን ሜዳው ውስጥ ተሰለፉ፤ ዳኛው አንድ በአንድ ፎቶውን ከፊታቸው ጋር እያመሳከረ አሳለፋቸው። አሥራ ስምንቱም አለፉ። እፎይ ልል ስል እጁ ላይ አንዲት ቴሴራ ቀረች።

የእኔ ነበረች። መልስ ከተባልኩ ወራት አልፈዋል። ነገ እመልሳለሁ እያልኩ ከሌሎቹ ጋር አስቀምጫት፣ አብሬ ስቆጥራት ከርሜአለሁ።

ዳኛው ፎቶዋን አየ፣ እኔን አየ።

«አንተስ? ትጫወታለህ?»

ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ታኬታዬ እዚያው ሜዳው ጠርዝ፣ ጥዬው በሄድኩበት ቦታ ተቀምጧል።

«አልጫወትም» አልኩት። ለእናቴም ሆነ ለራሴ እንዲህ ብዬ ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ቴሴራዋን መለሰልኝ።

«እንግዲያው ከመስመሩ ውጣልኝ፤ ጨዋታው ሊጀመር ነው» አለኝ።

ለካ ሜዳው ውስጥ ነበር የቆምኩት።