እናቴ የምትቀመጥበት ዋንዛ

ዋንዛ ሲላግ የሚሰጠውን ሽታ ለማያውቀው ሰው ማስረዳት አይቻልም። ስንት ጊዜ ሞክሬ ተውኩት። ጂንካ ውስጥ በአናጢ ቤት ደጃፍ ባለፍኩ ቁጥር አፍንጫዬ ሳላዘው ይፈልገዋል፤ የሚያገኘው ግን ባሕር ዛፍ ነው፣ ግራቪሊያ ነው፣ ይባስ ብሎም በሙጫ ተጋግሮ ከአዲስ አበባ በመኪና የመጣ ቺፑድ ነው። ከቺፑድ ጋር የግል ጠብ የለኝም። እናቴን ግን አያስታውሰኝም።

አባቴ አናጢ ነበር። የሚሠራባት ዳስ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጥግ ነበረች። ያኔ ማረፊያው በከተማው መሀል የተዘረጋ የሣር ሜዳ ነው፤ አውሮፕላን ሲመጣ ከብቶቹ ይባረራሉ፣ ከተማው ነቅሎ ይወጣል፣ አባቴም መላጊያውን አስቀምጦ ቀና ይላል። «ብረት ባይሆን ኖሮ እኔም አያቅተኝም ነበር» ይላል። ጉረኛ አልነበረም፤ እንጨት ላይ ብቻ ነው አፉ የሚፈታው። ከእንጨትም ዋንዛ። ለመሮ አያስቸግርም፣ ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም፣ እየቆየ ሲሄድ ደግሞ መልኩ ይጠቁራል፣ ያምራል። «እንደ ጥሩ ሚስት ነው» ብሎ እናቴን ያያታል። እሷም «እኔ ገና አልቆየሁም» ትለዋለች።

እናቴ የተወለደችው ከጂንካ በላይ ባለው የአሪ ደጋ ነው። በአባቷ ማሳ ዳር አንድ ትልቅ ዋንዛ ነበር። ልጅ ሳለች ዝቅ ባለችው ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ፍሬውን ትበላ ነበር፤ ፍሬው ሲበስል ቢጫ ነው፣ ጣፋጭ ነው፣ ከንፈርን ከከንፈር ያጣብቃል። ሥራ ሲጠሯት አትወርድም። አባቷ መለመኑ ሲሰለቸው «በቃ፣ ዛፉ ያንቺ ነው፤ እዚያው ኑሪ» አላት። በንዴት የተናገረውን እሷ እንደ ስጦታ ያዘችበት፤ ወንድሞቿም እያሾፉ አጸደቁላት። ከዚያ ወዲህ ዛፉ በእሷ ስም ሲጠራ ኖረ።

የእኛ ጉባኤ የጸሎት ቤቱን በጭቃ መርጎ ቆርቆሮ ካለበሰ በኋላ መቀመጫ አልነበረውም። ሰው በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ እየተቀመጠ ስብከት በረዘመ ቁጥር ይቁነጠነጥ ነበር። አንድ እሁድ እናቴ ተነሥታ ዛፏን ሰጠች። ወንድሟ አኮረፈ፤ ቀፎዎቹ የተሰቀሉት እዚያ ነበርና። «ንብ ያለበትን ዛፍ ሰው ከንቡ ጋር ሳይነጋገር አይሰጥም» አለ። ማሩ እስኪቆረጥና ቀፎዎቹ ሌላ ዛፍ እስኪያገኙ ተጠበቀ። ዛፉ በወደቀበት ቀን እናቴ አልሄደችም። ቤት ቁጭ ብላ ጎመን ስትቀነጥስ ዋለች፤ የቀነጠሰችው ጎመን ለሠርግ ይበቃ ነበር።

ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው፣ በረጅሙ መጋዝ ግንዱን እዚያው ሰነጠቁት። የጉባኤው ወንዶች ጣውላውን በትከሻ ተሸክመው ወደ ጂንካ ወረዱ። አሁን አግዳሚ ወንበሮቹ ሊሠሩ ነው ብሎ ሰው ሁሉ ሲደሰት አባቴ ጣውላውን ከጓሮ ደረደረው፤ በየመሀሉ ቀጫጭን እንጨት አስገባ፣ ነፋስ እንዲያልፍ፤ ከላይ በደረቀ የእንሰት ቅጠል ሸፈነው። ከዚያም ሌላ ሥራውን ቀጠለ። ሰው ሰላም ሊለን በመጣ ቁጥር «አልደረሰም?» ይላል። አባቴም «ገንፎ ነው እንዴ?» ይላል። በእርጥብ እንጨት የተሠራ አግዳሚ ይጣመማል፣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ ከሥሩ ይጮኻል ይል ነበር። ክረምት መጣ፣ ሄደ። ጣውላዎቹን እያነሣች የምታገላብጠው እናቴ ነበረች፤ የታችኛውን ወደ ላይ፣ የላይኛውን ወደ ታች። ሌላ ሰው እንዲነካቸው አትፈቅድም። ከእያንዳንዱ ጋር በአሪኛ ታወራ ነበር፣ ግማሹ ቁጣ ነው።

ሥራው ሲጀመር አንዱ ጣውላ ዳር ላይ ክብ ምልክት ተገኘ። ቅርንጫፍ የወጣበት ቦታ እንደዚያ ሆኖ ይቀራል፤ አባቴ «ዓይን» ነው የሚለው። ዓይኑን ከታች ሊያደርገው ፈለገ። እናቴ ጎንበስ ብላ አየችውና ይህ የእኔ ቅርንጫፍ ነው አለች። ከላይ እንዲሆን ጠየቀች።

«ከላይ ከሆነ ልብስ ይይዛል» አላት።

«ይያዘኝ» አለችው።

አባቴ ሳቀ። ዓይኑን ከላይ አድርጎ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትገው ዋለ። እናቴ በሴቶች በኩል፣ ከፊት ሦስተኛው አግዳሚ ዳር፣ እሱ ላይ ተቀመጠች። እኔ አጠገቧ ነኝ። መዝሙር ሲጀመር አውራ ጣቷ ዓይኑን ዞር ዞር እያለ ያሻል፤ ስታለቅስም፣ ስትደሰትም፣ ሰባኪው አላቆም ብሎ ሲሰለቻትም። ቀስ በቀስ እዚያ ቦታ ላይ እንጨቱ እንደ መስተዋት አበራ።

በዚያ ሰሞን በገበያ ቀን አንድ የአርቦሬ ሽማግሌ አባቴ ዳስ ገብተው እንደነበር አስታውሳለሁ። እንደ ቆላው ሰው ሁሉ ትንሿን መቀመጫቸውን በእጃቸው ይዘዋል። አባቴ የሚጠግነውን አንድ አግዳሚ ዞረው አዩት፣ ሊያነሡት ሞከሩ፣ አልተነሣም።

«ሰው ሲሄድ ይሄ ይቀራል?» አሉ።

«አዎ፣ ይቀራል።»

«ታዲያ የማን ነው?»

አባቴ ውኃ ጋበዛቸው። በራሳቸው መቀመጫ ላይ ተቀምጠው ጠጡ። ማታ ለእናቴ ሲያጫውታት ሁለታችንም ሳቅን። ብዙም ሳንቆይ ጥያቄው ተመለሰብን።

ጸሎት ቤቱ ታሸገ። ያ ዘመን ነው፤ ማሸግ እንደ ሰላምታ የተለመደበት። አግዳሚዎቹ ተጭነው ወደ ቀበሌው አዳራሽ ሄዱ። አባቴ ራሱ ጫናቸው፤ ሌላ ሰው የአግዳሚዎቹን እግር እንዳይሰብር ብሎ። እናቴ በር ላይ ቆማ እያንዳንዱ ሲያልፍ አየች። ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ በየቤቱ በር ዘግተን በሹክሹክታ እንጸልይ ነበር፤ እናቴ ግን በሹክሹክታ መዘመር አልሆነላትም። አንድ ነገር ብቻ ትል ነበር፦ «አንድ ቀን ብቻ፣ እዚያች ላይ ተቀምጬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።»

ስብሰባ የምትጠላው እናቴ፣ የቀበሌ ስብሰባ ሲባል ራሷን የሚያማት እናቴ፣ በድንገት ንቁ ሆነች። ረቡዕ ሲመጣ ቀሚሷን ቀይራ ቀድማ ትወጣለች። አዳራሹ ገና ሲከፈት ሦስተኛው አግዳሚ ዳር ላይ ናት። የጉባኤያችን ሴቶችም ተከተሏት፤ ማንም ሳያዝ እያንዳንዷ የድሮ ቦታዋን ያዘች። ሊቀመንበሩ የሰፈራችን ሰው ነው፤ የቤቱን በርና መስኮት የሠራው አባቴ ነው። እሱም በሕዝብ ፊት እናቴን «እንደኚህ እናት የነቃ ሰው እፈልጋለሁ» ብሎ አመሰገናት። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ጫማዬን የማስር መሰልኩ። ጫማዬ ማሰሪያ አልነበረውም።

ከዚያ ያቺ ረቡዕ መጣች። ከላይ የመጣ ካድሬ ረጅም ንግግር አደረገ። ድምፁ ያምራል፤ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ልክ እንደ ሰባኪያችን ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እናቴ ዓይኗን ጨፍናለች፣ አውራ ጣቷ እንጨቱ ላይ ይዞራል። ካድሬው እጁን አንሥቶ «ሰፊው ሕዝብ ያሸንፋል!» ሲል እናቴ ከልቧ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «አሜን!» አለች።

የሴቶቹ ወገን በሙሉ «አሜን!» አለ። ከኋላ አንዲቱ «ሃሌሉያ» ልትል ጀምራ አፏን ያዘች።

ዝናቡ ብቻ ተሰማ። ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር ይታሰር ነበር።

«ማነው አሜን ያለው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«እኔ ነኝ ጓድ» አለች እናቴ ተነሥታ። «ያሸንፋል ብለው ተመኙ። መልካም ምኞት ነው። አሜን ካላልኩ እንዴት ይሆናል?»

ካድሬው ሊቀመንበሩን አየ፤ ሊቀመንበሩ ጣሪያውን አየ። ምኞቱ አይሠመር የሚል ሰው የለማ። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ «እዚህ የሚባለው አሜን ሳይሆን ጭብጨባ ነው» አለና አስጨበጨበን። በሳምንቱ ግን አግዳሚዎቹን አቀያየረ። «እናንተ ሴቶች እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጡ ነው የሚብስባችሁ» አለ። የእናቴን አግዳሚ አንሥቶ ከመድረኩ ላይ አስቀመጠው፤ ስብሰባውን የሚመሩት የፕሬዚዲየሙ ሰዎች መቀመጫ ሆነ። እሱ ራሱ ዓይኑ ላይ ተቀመጠ።

እናቴ መሄዷን አልተወችም። ከፊት ትቀመጥና ስብሰባው እስኪያልቅ ወደ መድረኩ ታያለች። ሊቀመንበሩ የምታየው እሱን መስሎት ኮሌታውን ያስተካክል ነበር። ቤት ስንገባ «ዛሬም ተቀመጠብኝ» ትላለች። እንስቅ ነበር። ግን ሌሊት ሌሊት እጇ ጋቢው ላይ ዞር ዞር ሲል አያለሁ፤ የሌለውን ሲፈልግ። ያኔ ሊቀመንበሩን ጠላሁት። ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም።

ዓመታት እንደዚያ ሄዱ። እኔ አገባሁ፣ ሁለት ቤት ያህል ርቄ ጎጆ ወጣሁ። እናቴ ታመመች፤ መጀመሪያ ገበያ መውጣት አቃታት፣ ቀጥሎ ስብሰባ፣ ቀጥሎ ከአልጋ መውረድ። አባቴ ወደ ደጋው ወጥቶ የዛፏን ጉቶ አይቶ ተመለሰ። ዋንዛ ሲቆረጥ ዝም አይልም፣ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። አዲሱ ግንድ ክንድ አክሎ ነበር። «ሌላ እሠራልሻለሁ» አላት።

«የዶማ እጀታ ይወጣዋል» አለችው። «እኔ ያቺን ነው የምፈልገው።»

አባቴ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄደ። ሚስቴ ታማለች፣ አግዳሚዋን ለጥቂት ቀን ስጡኝ፣ በምትኩ የፈለጋችሁትን እሠራለሁ አለ። ሊቀመንበሩ አልተቆጣም። የሕዝብ ንብረት ለግለሰብ እንደማይወጣ፣ ለአንዱ ቢወጣ ሌላው እንደሚጠይቅ አስረዳው። «የሚወጣው ለለቅሶ ብቻ ነው» አለው።

አባቴ ይህን መልስ እንዴት እንደሚነግራት ሲያስብ መንገዱን አረዘመው። ደበቅ አድርጎ መናገር አያውቅም፤ እንዳለ ነገራት። እናቴ ሳቀች፣ ሳሏ እስኪነሣ።

«እንግዲያውስ ቀላል ነው» አለች።

ክረምቱ ሳይወጣ አረፈች።

የቀበሌው ሰዎች አግዳሚዎቹን አምጥተው ድንኳኑ ውስጥ እንዳገኙ አስቀመጧቸው። የጉባኤው ሴቶች እያለቀሱ ተነሡና ያለ አንድ ቃል ማንሣትና ማዞር ጀመሩ። ይህን ወደዚህ፣ ያንን ወደዚያ። ሲጨርሱ ግቢያችን ጸሎት ቤቱ ሆነ፤ የሴቶቹ በኩል፣ የወንዶቹ በኩል፣ መሀል መተላለፊያ። ሁሉም የድሮ ቦታውን ያዘ። እኔም የእኔን ያዝኩ። አጠገቤ ያለው ዳር ባዶ ነበር። እጄን ሰድጄ ልነካው ፈለግሁ፤ አልቻልኩም።

ሊቀመንበሩ መጣ። ቦታ ሲፈልግ ዓይኑ እዚያ ባዶ ላይ አረፈ፤ ስንት ዓመት የተቀመጠበት ነውና። አልተቀመጠም። ከድንኳኑ ካስማ አጠገብ ቆመ።

ያኔ አባቴ ከወንዶች በኩል ተነሣ። በእኛ ዘንድ ወንድ በሴቶች በኩል አይቀመጥም፤ አርባ ሰው እያየው መተላለፊያውን ተሻገረና መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። መዳፉን የእንጨቱ ዓይን ላይ አሳረፈ። አንዲት ሴትዮ መዝሙር አነሣች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። አባቴ መዘመር የማያምርበት ሰው ነው፤ እናቴ ሁልጊዜ «አንተ መጋዝህን ብቻ አዘምር» ትለው ነበር። እሱ ነው ከፍ ያደረገው። ከዚያ ሁላችንም ከፍ አደረግን፣ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ። ማንም ዝም በሉ አላለንም።

ለቅሶው ሲበተን ሸካሚዎቹ መጡ። አንድ በአንድ ጭነው የመጨረሻው ላይ ሲደርሱ አባቴ አልተነሣም። አሁንም እዚያው ነው፣ ራሱን ደፍቶ። ሸካሚዎቹ ሊቀመንበሩን አዩት። ሊቀመንበሩ አባቴን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ባርኔጣውን አጠለቀ።

«ተዉት» አለ። «ለቅሶው አላለቀም።»

ከዚያ በኋላ መንግሥት እስኪለወጥ ድረስ ንብረት የሚቆጥር ሰው በመጣ ቁጥር ሊቀመንበሩ ያንኑ መለሰ ሲሉ ሰማሁ። ጸሎት ቤቱ ሲከፈት አባቴ አግዳሚውን ፈትጎ፣ ዓይኑን ብቻ ሳይነካ፣ ወደ ቦታው መለሰው። እሁድ እሁድ ዳሩ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። አውራ ጣቴን እናቴ ባበራችው ቦታ ላይ አደርጋለሁ፤ ልክ ይገባል።