ሽማግሌ የተላከበት ፈላስፋ

የበዓል ሰሞን ሲሆን ጫማ የምሸጥበት ዱባይ ተራ ውስጥ እንኳን ድርቆሽ ይሸታል። በግ የገዛ ሰው አንድ እስር ሣር ብብቱ ሥር ሸጉጦ በተደረደሩት ጫማዎች መሃል ሲያልፍ፣ ከዚያ ሁሉ የላስቲክና የማስቲሽ ሽታ ውስጥ የሣሩ ሽታ ብቻ ተለይቶ ይመጣልኛል። ያኔ እጄ ላይ ያለውን ጫማ እንደያዝኩ ፈዝዤ እቀራለሁ። ደንበኛዋ "እህት፣ ከዚህ ከፍ ያለ ቁጥር የለሽም?" እያለች ትጠይቀኛለች፤ እኔ ግን ጭድ ተራ ነኝ። አባቴ ከድርቆሽ ክምር ሥር ተቀምጦ ሲያስብ እያየሁት ነው።

ልጅ እያለሁ አባቴ ጭድ፣ ድርቆሽ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ይሸጥ ነበር። ደንበኞቹ ላም የሚያረቡ ሰዎችና ጭቃ ቤት የሚያስመርጉ ሰዎች ነበሩ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ቀጥታ ወደ ሱቁ ነው የምሄደው። ቦርሳዬን ወርውሬ ክምሩ ላይ እወጣና እየተንሸራተትኩ እወርዳለሁ፤ እንደገና እወጣለሁ። የቆርቆሮው ጣሪያ ሽንቁር ስለነበረው በዚያ በሚገባው ፀሐይ ውስጥ የጭዱ ብናኝ ሲንሳፈፍ አፌን ከፍቼ ማየት እወድ ነበር። ማታ አንገቴን ሳክክ እናቴ "ይቺ ልጅ ጥጃ ናት እንዴ?" እያለች ሙቅ ውሃ ታፈስብኛለች።

አባቴ ዘርጋ ይባላል። ከጉራጌ አገር የመጣው አራተኛ ክፍልን ሳይጨርስ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ግን ከጭዱ ይልቅ በሽምግልናው ነበር የሚታወቀው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ሸሪኮች ሲካሰሱ፣ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። የሚሄደውም ከፊት ለፊታችን ጆንያ ከሚሸጡት ከወዳጁ ከሐጂ ሸምሱ ጋር ነበር። ሁለቱ አንድ የማይለወጥ ልማድ ነበራቸው። የሄዱበት ቤት ገብተው "ተቀመጡ" ሲባሉ አይቀመጡም። ቆመው ይለምናሉ፤ እሺ እስኪባሉ ድረስ ወንበርም ውሃም አይነኩም። ሁለት የተከበሩ ሰዎች ሳሎንህ መሃል ቆመው እያየሃቸው እምቢ ማለት መቼም ከባድ ነው። አባቴ ይህን ሲያወራልኝ ይስቅ ነበር። "የሚያስታርቀው ምላሳችን እንዳይመስልሽ፤ መቆማችን ነው" ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ሁለት ወንድማማቾች ሊያስታርቁ ሄዱ። ጠቡ ሟች አባታቸው ሱቁን ለማን ነው ያለው በሚል ነበር። ታላቁ "ለእኔ ነው ያለኝ፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት" ብሎ እያለቀሰ ማለ። ታናሹም ያንኑ ብሎ፣ እንደዚያው እያለቀሰ ማለ። ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው ቆመው ለመኑ፤ ወንድማማቾቹ ሱቁን አብረው ሊሠሩ ተስማሙና ተሳሳሙ። ሐጂ ሸምሱ ጉዳዩን እዚያው ጨርሰው ወደ ጆንያቸው ተመለሱ። አባቴ ግን ጉዳዩን ይዞት መጣ።

በማግስቱ ከክምሩ ላይ ጠራኝ። "ሁለቱም አልዋሹም" አለኝ። "ዓይናቸውን አይቼዋለሁ። ግን የአንዱ እውነት ከሆነ የሌላው ሊሆን አይችልም። ታዲያ እውነት የሚባለው ምንድነው?"

እኔ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። "ነገ መምህራችንን ልጠይቃቸው?" አልኩት።

"አይ፣ አንቺ ምን ይመስልሻል?"

እስከዚያ ቀን ድረስ ምን ይመስልሻል ብሎ የጠየቀኝ ትልቅ ሰው አልነበረም። ትምህርት ቤት የምንጠየቀው የተነገረንን መልሰን እንድንል ነው፤ ቤት ደግሞ የምንጠየቀው እቃው ታጥቧል ወይ ተብለን ነው። ብዙ አሰብኩና "ምናልባት አባትየው ለሁለቱም ለየብቻ ብሏቸው ይሆናል" አልኩት። አባቴ አፍጥጦ አየኝ። "ታዲያ ውሸታሙ የሞተው ሰውዬ ሊሆን ነው?" አለና እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ከዚያ በኋላ ምንም ነገር አልሰጠኝም፤ የዩኒቨርሲቲው ዲግሪም ጭምር።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የልጅነቴ ምርጥ ጊዜ ነበር። አባቴ በየቀኑ አንድ ነገር አስቦ ይጠብቀኛል። አንድ ጊዜ ማታ ሱቁን ዘግተን ወደ ቤት ስንሄድ "ገበሬው የሚዘራው ለእህሉ ብሎ ነው፤ ጭዱ ትርፍ ነው" አለኝ። "እኛ ቤት ደግሞ ጭዱ ነው እንጀራችን፤ እህሉ የት እንደገባ አናውቅም። እስቲ ያ ተክል የበቀለው ለማን ነው?"

"ለላሟ" አልኩት።

"ላሟስ?"

"ለወተቱ።"

"ወተቱስ?"

"ለእኔ።"

"አንቺስ?"

እጁን ይዤ እስከ ቤታችን ድረስ ዝም ብለን ሄድን። ዝም ማለታችን ራሱ ደስ ይል ነበር።

ችግሩ የመጣው ይህንኑ ነገር ደንበኞቹንም መጠየቅ ሲጀምር ነው። ሰውዬው ለላሙ ድርቆሽ ሊገዛ ይመጣል፤ አባቴ ላም ስለ ማርባት ትርጉም ያነሳበታል። ሰውዬው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ ሰዓቱን ያያል፤ ከዚያ ጎረቤት ሱቅ ይገባል። አባቴ መሄዱን እንኳን ልብ አይልም። እንዲህ እንዲህ እያለ "ፈላስፋው" የሚል ስም ወጣለት። ተሸካሚዎቹ ሳይቀሩ "ጋሼ፣ ዛሬስ ምን ተገኘ?" እያሉ ያላግጡበት ጀመር። የአእምሮ ሕሙማን የሚታከሙበት አማኑኤል ሆስፒታል ለሰፈራችን ቅርብ ስለሆነ ቀልዱ የታወቀ ነበር፤ "ፈላስፋው እንደሆነ ታክሲ አያስፈልገውም፣ በእግሩ ይደርሳል" ይላሉ።

እኔ ቃሉን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። "አባባ፣ ፈላስፋ ምንድነው?" ብዬ ጠየቅኩት።

"እኔ እንጃ። ሲሰድቡኝ ነው የሰማሁት" አለኝ። "ግን ስድቡ ደስ ይላል።"

"ፈላስፋ ለመሆን ትምህርት ያስፈልጋል?"

"ሳያስፈልገው አይቀርም። አንቺ ተማሪና ትነግሪኛለሽ።"

እናቴ ግን የምትስቅበት ነገር አልነበራትም። አባቴ ማታ ራት ላይ ጉርሱን እጁ ላይ እንደያዘ ሐሳብ ይዞት ሲሄድ ፊቷ ልውጥ ይል ነበር። "ሰው ሲያብድ እንዲህ ነው የሚጀምረው" ስትል ሰምቻታለሁ። ገበያው ቀዝቅዟል፤ ሰፈሩ ያወራል፤ እሷ ደግሞ የምታሳድጋቸው ልጆች አሏት። አልፈርድባትም። ያኔም የፈረድኩባት አይመስለኝም፤ ብቻ ፈርቼ ነበር።

አንድ እሁድ ከሰዓት ሐጂ ሸምሱ ጎረቤታችንን ጋሽ ንዳን አስከትለው ቤታችን መጡ። አባቴ ሲያያቸው ፈገግ ብሎ ተነሳና ኮቱን ከሚስማሩ ላይ አወረደ። "የማን ቤት ነው ዛሬ?" አለ።

"ያንተ ቤት ነው፣ ዘርጋ" አሉ ሐጂ ሸምሱ።

ኮቱ ውስጥ አንድ እጁን እንዳስገባ ቀረ። እናቴ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ከበሩ ጥግ ሆኜ ሁሉንም አያለሁ።

"በሉ ተቀመጡ" አለ አባቴ። ማንም አልተቀመጠም።

"ከሳሼ ማናት?"

"ባለቤትህ ናት።"

"ምን አደረግኳት?"

"ምንም አላደረግካትም" አሉ ሐጂ ሸምሱ። "ክሱም እሱው ነው። ምንም እያደረግክ አይደለም።"

አባቴ ሳቀ፤ እነሱ ግን አልሳቁም። "ሐጂ፣ እርስዎም አብረውኝ ነበሩ" አላቸው። "የሁለቱን ልጆች ለቅሶ አይተዋል። አይከነክንዎትም?"

"ይከነክነኛል። ስሰግድ ሁሉ ይመጣብኛል። ግን እኔን የሚከነክነኝ ሱቄን ከፍቼ ነው።"

ጋሽ ንዳ ወደ እኔ ጠቆሙ። "ይቺ ልጅ ነገ የእብድ ልጅ ልትባል ነው። ይሄንን ሳታስብ ሌላውን ሁሉ ታስባለህ?"

አባቴ አየኝ። እኔ ራሴን ነቀነቅኩለት፤ እምቢ በል ማለቴ ነበር። የገባው አይመስለኝም። ቀና ብሎ ሲከራከር ቆየ፤ ማንንም እንዳልበደለ፣ ሰው ማሰቡ እንዴት በደል እንደሚሆን ጠየቃቸው። እነሱ እንደቆሙ ናቸው። እሱ ራሱ በስንቱ ቤት እንደዚያው ቆሟል፤ ምን እንደሚያደርግ ያውቀዋል።

ሐጂ ሸምሱ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ነበሩ። ሲቆዩ እግራቸው መንቀጥቀጥ ጀመረና ግድግዳውን ያዙ። አባቴ ወንበር ስቦ አቀረበላቸው። "እባክዎ ሐጂ፣ ይቀመጡልኝ" አለ፤ ድምፁ ልመና ነበር።

"የምታስቀምጠኝ አንተ ነህ" አሉት።

አባቴ እግራቸውን አየ። ከዚያ "ምን ብዬ ቃል ልስጣችሁ?" አለ።

"ይሄን ነገር ዳግመኛ አላነሳም፣ ሥራዬን እሠራለሁ በለን።"

"እሺ" አለ።

ተቀመጡ። እናቴ ምግብ አቀረበች፤ በሉ፤ ቤቱንም፣ ሱቁንም፣ እኛንም ረጅም ምርቃት መረቁን። እኔ አሜን ማለት አቃተኝ።

ቃሉን ጠበቀ። ነጋ አልነጋ ብሎ ሱቁን የሚከፍት፣ ከደንበኛ ጋር ስለ ዋጋ ብቻ የሚያወራ ሰው ሆነ። ገበያው ተመለሰ፤ የወጣለት ስምም ተረሳለት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ክምሩ ላይ ተቀምጬ እስኪጠራኝ ጠበቅኩ። ሲቸግረኝ "አባባ፣ ዛሬ ምን አሰብክ?" አልኩት። "ሂጂ አጥኚ" አለኝ። ሄጄ አጠናሁ።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ ፍልስፍናን አንደኛ ምርጫዬ አድርጌ ሞላሁ። ሌሎቹ ተማሪዎች ምደባው ሲነገረን ዕድላችን ጠመመ ብለው ሲያለቅሱ እኔ ብቻዬን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ተሳስቼ የሞላሁ መስሏቸው አዘኑልኝ። ክፍል ገብቼ ስማር አባቴ ድርቆሽ ሥር ሆኖ የጠየቀውን ነገር ሰዎች ስም አውጥተውለት፣ ጎራ ለይተው ሲከራከሩበት እንደኖሩ አወቅኩ። አባቴ ከእነሱ ይበልጣል አልልም። የእሱ ገና ዳዴ የሚል ነገር ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ቢተዉትም ምናልባት የትም አይደርስም ነበር። ግን ብቻውን ነው የጀመረው። እኔ ደግሞ ለእሱ ብዬ ነው የተማርኩት።

የተመረቅኩ ዕለት ማታ እንግዶቹ ሲሄዱ አጠገቡ ተቀመጥኩ። "አባባ፣ ተማሪና ትነግሪኛለሽ ብለኸኝ ነበር" አልኩት።

እጁን አነሳ። "ተይ ልጄ። ቃል ገብቻለሁ።"

"ለማን? ሐጂ ሸምሱ ሞተዋል። ጋሽ ንዳም ሞተዋል።"

"እኮ" አለኝ። "ታዲያ አሁን ማን ይፈታኛል?"

በዚያ ዲግሪ ሥራ ብዙ ፈለግኩ። ሰዎቹ ወረቀቱን ያዩና "ፍልስፍና?" ብለው ፈገግ ይላሉ፤ ያንን ፈገግታ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። መጨረሻ ላይ ዱባይ ተራ ጫማ መሸጥ ጀመርኩ። ጭድ ተራም ዛሬ ስሙ ነው የቀረው፤ የእኛ ሱቅ በነበረበት ቦታ ፎቅ ቆሟል። ልጅ እያለሁ የሚያወራኝ አባት ነበረኝ፤ መልስ እንጂ ጥያቄ ቸግሮኝ አያውቅም ነበር። አሁን የተማርኩት መልስ ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ተቀምጦ እያረጀ ነው። አባቴም አርጅቷል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤት መዋል ስለማይወድ ጠዋት ጠዋት ይመጣና ሱቄ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይውላል።

ባለፈው በዓል ሰሞን ልቤ አልችል አለኝና የሐጂ ሸምሱን ልጅ ከድርን ሄጄ አማከርኩት። ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የሞባይል ዕቃ ይሸጣል። መጀመሪያ ሳቀ፤ ፊቴን ሲያይ ተወው። በነጋታው ሱቄ መጣና አባቴ ፊት ቆመ።

"ተቀመጥ ልጄ" አለው አባቴ።

"አልቀመጥም ጋሼ። አባቴ የያዘብዎትን ቃል ልፈታልዎት ነው የመጣሁት።"

አባቴ ከእግር እስከ ራሱ አየው። ዓይኑ እንባ ሞላ። "አቋቋምህ ቁርጥ አባትህን ነው" አለው። ዓይኑን ጠርጎ "እሺ፣ ተፈታሁ። በል ተቀመጥ" አለ። ከድር ጉልበቱን ስሞ ተቀመጠ።

ሌላ በርጩማ ስቤ ከአባቴ ፊት ለፊት ተጠጋሁ። ደንበኛ ገብታ ነበር፤ "ይቅርታ፣ ዘግተናል" አልኳት። "በል አባባ፣ ጠይቀኝ" አልኩት። "የፈለግከውን ጠይቀኝ።"

ከልቡ ሞከረ። ግንባሩ ተኮማተረ፤ እጆቹን እያፋተገ መተላለፊያው ላይ የሚርመሰመሰውን ሰው ሲያይ ቆየ። ድሮ ጥያቄው ከአፉ ሳይወጣ ከዓይኑ አነበው ነበር። ዓይኑ ላይ ፈለግኩት፤ አላገኘሁም። ከድር እንደማያይ ሆኖ ስልኩን ይነካካል። በመጨረሻ አባቴ አንገቱን ወደ እኔ መለሰ።

"ገበያ እንዴት ነው?" አለኝ።

"ደህና ነው፣ አባባ" አልኩት።