የአባቴ ግጥም

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ነበርኩ። ያን ዓመት ያደረግኩትን ለሚስቴም ለነፍስ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። እጄ ጽሕፈት እምብዛም አልለመደም፤ እንደወጣልኝ እጽፈዋለሁ፣ የምታነበው አንተ ፍረድ።

አሰላ ወፍጮ ቤት ጆንያ ተሸካሚ ነበርኩ። ከሥራ ስወጣ የቀበሌያችን ኪነት ውስጥ እዘፍናለሁ። ኪነቱን የሚመራው ከጎጃም ተመድቦ የመጣ መምህር ታደለ የሚባል ሰው ነው። በዕድሜ ታናሼ ነው፤ ግን እጄን ይዞ ስሜን መጻፍ ያስተማረኝ እሱ ነው።

ያን ጊዜ የብዙ ሰው ልጅ ግንባር ነበር። መምህሩ፣ “ሰልፍ ሰልፍ የማይል አንድ ዜማ ለቀበሌዎቹ ውድድር ያስፈልገናል፤ የሰው ልብ የሚያሳርፍ” አለ። እኔም በገና ደርዳሪ የነበረው አባቴ ከአባቱ ተቀብሎ ይለው የነበረውን ግጥም ነገርኩት። ስለ ዳዊትና ስለ ተቆጣው ንጉሥ ነው።

በገናው ሲመታ ንጉሡ ሰከነ፣
ሊወረውር ያለው ጦሩ ምርኩዝ ሆነ።

መምህሩ ለሴትና ለወንድ ድምፅ ከፋፈለው። “ንጉሡ” የሚለውን አውጥቶ “ቁጡ ሰው” አለው። ልምምድ ላይ ስንሆን ልጇ ግንባር ያለ አንዲት እናት መስኮቱ ሥር እየመጣች ትቆም ነበር። እስክንጨርስ አትሄድም።

ሁለት ነገር ለመንኩት፤ የአባቴ ስም እንዲነገር፣ አውራጁም እኔ እንድሆን። “እናያለን፣ ጋሽ በቀለ” አለኝ። እኔ ቃል አድርጌ ያዝኩት። የውድድሩ ዕለት ግን ያወረደችው ከሴቶቹ ዘፋኞች አያንቱ ናት፤ አስተዋዋቂውም “ግጥም የሕዝብ” ብሎ አለፈ። ከበሮ መቺው ጀማል ወደ እኔ ዞሮ፣ “ኦቦ በቀለ፣ ሕዝብ የሚባሉት አባትህ ናቸው እንዴ?” አለ። ኪነቱ በሙሉ ሳቀ። ታደለ ከዳኝ አልኩ። ሦስት ቀን ከዳኝ፣ ከዳኝ እያልኩ ጆንያ ተሸከምኩ።

በአራተኛው ቀን በምንለማመድበት አዳራሽ የሂስ ስብሰባ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ዘፈኑን አመሰገነ። እኔ እጄን አወጣሁ። ማን ጠየቀኝ? ማንም። “ይሄ የበገና ነው፤ ስለ ንጉሥ ነው፤ መምህሩ ንጉሡን ደብቆ ነው ያዘፈነን” አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፣ በዚህ አፌ። እንዲያፍር ብቻ ነው የፈለግኩት እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን አታለልኩ። ውሸት ነው። ያን ዓመት እንዲህ ያለ ቃል ሰውን የት እንደሚያደርስ ከፍየል ጠባቂ እስከ ሹም የማያውቅ አልነበረም።

ሊቀመንበሩ፣ “ግጥሙን ማን ሰጠህ?” ብሎ ጠየቀው። ታደለ አየኝ። ከዚያ ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳና፣ “ሳጉሬ ገበያ ላይ ከአንድ ለማኝ የሰማሁት ነው። ስሙን አላውቀውም” አለ።

ያኔ ገባኝ። የአባቴን ስም የዋጠው እኔ እንዳልጠየቅ ነው። “የሰጠሁት እኔ ነኝ” ለማለት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ጊዜው ነበረኝ። ዝም አልኩ። ሁለት የአብዮት ጠባቂዎች ይዘውት ሲወጡም ዝም አልኩ። ደብተሩ ወንበሩ ላይ ቀረ።

ሰባት ወር ታስሮ ሲፈታ ወደ አቦምሳ ተዛወረ። አንድ ቀን ሄጄ እግሩ ላይ ልወድቅ መኪና መናኸሪያ ድረስ ደርሼ ተመልሻለሁ። ከዚያ ሞተ ሲሉ ሰማሁ። ስለዚህ ይቅር በለኝ የምለው ሰው የለኝም፤ አንተም ይቅር እንድትለኝ አልለምንህም።

ግን አንድ ነገር ቀርቷል፣ እሱንም ልናገር። ሊቀመንበሩ ያን ዕለት ማታ ኪነቱን እኔ እንድመራ አዘዘኝ፤ ዜማው ይቆይ፣ ግጥሙ ስለ እርሻ ይሁን አለ። እሺ አልኩ። በማግስቱ ጠዋት አዳራሹ ሄድኩ። የታደለን ደብተር ከወንበሩ ላይ አንስቼ መሬት አስቀመጥኩት። እሱ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ቆምኩና የእርሻውን ግጥም አወረድኩ።

የተቀበለኝ የለም። አያንቱ መስኮቱን ታያለች። ጀማል ከበሮውን ከአንገቱ አወጣ።

ደግሜ አወረድኩ።