የሺ አልቀበልም ያለችው ግጥም

…ቀልደኛው የእኛን የጎጃሞችን አነጋገር ማጣመም ሲጀምር አባቴ ቶሎ ብሎ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይቀንስ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

ዛሬ ቡሬ፣ ምሳ የምበላበት ሆቴል ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ የቴሌቪዥን ሰዎች ለበዓል ፕሮግራም አዝማሪዋን የሺን ሊቀርጹ ተሰናድተው አገኘኋቸው። ቴሌቪዥን ላይ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ስለሆነ ጎረቤቶቿ ሁሉ መጥተዋል።

ዳይሬክተሩ «ተቀበይ!» አለና ግጥም ሰጣት። ግጥሙ አሳንሰር ውስጥ ገብቶ «ቤቱ ጠበበኝ» ስላለ ጎጃሜ ነው። (አሳንሰር እኔም እፈራለሁ፤ ግን እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።)

አዝማሪ የተሰጠውን ግጥም ይቀበላል፤ ደንቡ ነው። የሚሰድበውን እንኳ ይቀበላል። አንገቴን ደፋሁ።

የሺ እጇን ዘርግታ ማሲንቆ መቺውን አስቆመችው። «ይሄንስ አልቀበልም።»

«የሺዬ፣ ለቀልድ እኮ ነው!»

«ወንድምዓለም፣ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ አደግሁ፤ ይሄን ሰውዬ አግኝቼው አላውቅም። አምጣልኝና ፊት ለፊቱ እዘፍንለታለሁ።»

«እንግዲያው ቀረጻው ይቀራል።»

«ይቅራ!»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ «እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ። እሷ ግን ይህን ቀን ምን ያህል እንደጠበቀችው ሁላችንም እናውቃለን።

አሁን ያለካሜራ እየዘፈነችልን ነው። እንደዚህ ስትዘፍን ሰምቻት አላውቅም።

እናንተስ፣ ቴሌቪዥን ላይ ያያችሁት የአገራችሁ ሰው እናንተን መስሎ ያውቃል? እስቲ ጻፉልኝ።

ሰዎቹ ዕቃቸውን ሚኒባሳቸው ላይ ጭነው ጨርሰዋል። ዳይሬክተሩ ብቻ ተመልሶ ደጁ ላይ ቆሞ ሲሰማት ቆየ።

አሁን እሱም ገባና የሚኒባሱ በር ተዘጋ።