ዳገት ላይ የሚታነቅ ሞተር

ሰው ስለ መኪና ብልሽት ሲያወራ ስሰማ ዝም እላለሁ። ስለማላውቅ አይደለም። አንድ ጊዜ ያወቅሁ መስሎኝ ተናግሬ የሰው ስም ስላጠፋሁ ነው። ሰውየው በሕይወት አሉ፤ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ስማቸው ግን የት እንዳለ እኔም አላውቅም።

አባቴ ሲሞት የተወልን አንዲት አሮጌ የናፍታ ሚኒባስና እሷን ሃያ ዓመት የነዱ ሾፌር ነበር። እኔ ካዛንቺስ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ወረቀት የማዘዋውር ሰው ነኝ፤ ከመኪና የማውቀው መሪውንና ፍሬኑን ነው። ሾፌሩን ጋሼ ነበር የምላቸው። ከእኛ ግቢ ሁለት ቤት አልፈው ይኖሩ ነበር፤ ልጅ ሆኜ ዝናብ ሲይዘኝ ከትምህርት ቤት በር ላይ እየጫኑ ቤቴ ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው።

አንድ ቀን ማታ ቁልፉን ሊሰጡኝ ሲመጡ ፊታቸው ጥሩ አልነበረም።

«መኪናዋ ዛሬ ታነቀችብኝ» አሉ። «ከለገሃር ስነሳ ደህና ናት። ቆማ ስትሠራ ሚኒሞዋም ደህና ነው። ዳገቱን ስይዝና ነዳጅ ስሰጣት ግን ሞተሩ አንዴ ይጮኻል፣ አንዴ ይሞታል፤ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ፣ ከዚያ ቀጥ። አጥፍቼ አምስት ደቂቃ ስጠብቃት ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። የሆነ ነገር ነው አፏን የሚይዛት።»

ምርመራው እዚያው በራችን ላይ አልቆ ነበር። ከዚህ የተሻለ አድርጎ የነገረኝ ሰው ከዚያ በኋላ አላጋጠመኝም። እኔ ግን «እሺ ጋሼ፣ ጋራዥ እናሳያታለን» ብዬ ወደ ቴሌቪዥኔ ተመለስኩ።

ቂርቆስ አካባቢ የወሰድኩበት ጋራዥ ባለቤት «አላውቅም» የምትለዋን ቃል እናቱ ያላስተማረችው ሰው ነበር። መጀመሪያ ፊልትሮ ቀየረ። ሁለት ቀን ደህና ሆና በሦስተኛው ቀን ታነቀች። ኖዝሎቹን ፈትቶ አስፈተሸ። ታነቀች። የናፍታ ፓምፑን አውርዶ አስተካክሎ መለሰ። አሁንም ዳገት ላይ ታነቀች። ጋሼ በየጊዜው አጠገቡ ቆመው ያንኑ ነገር ይነግሩታል፤ «ስትጠፋ የሚለቃት ነገር ከፓምፑ በፊት ነው፣ ወደ ሳልባትዮው ተመልከት እንጂ» እያሉ የናፍታውን ማጠራቀሚያ ያሳዩታል። እሱ ደግሞ «አባባ፣ ሥራዬን እኔ ልሥራ» ይላቸዋል። እኔም አብሬው ፈገግ እላለሁ።

በአራተኛው ጊዜ ጣቱን ናፍታው ውስጥ ነክሮ አሸተተ፤ አሻሸውና ወደ እኔ ዞረ። ጋሼ ያን ዕለት አልነበሩም።

«ማለቴ… አትቀየመኝና ወንድሜ፣ ሾፌርህን ታምነዋለህ?» አለኝ። «ይሄ ናፍታ ብቻውን አይደለም፣ ነጭ ጋዝ አለበት። ናፍታውን ይቀዱና ይሸጡታል፣ ከዚያ በነጭ ጋዝ ይሞሉታል። በቃ፣ የታወቀ ነው።»

በዚያ ሰሞን ናፍታ ጠፍቶ ሾፌር ሁሉ ማደያ በር ላይ የሚያድርበት ጊዜ ነበርና ወሬው ጆሮዬ ውስጥ ቶሎ ገባ። አንድ ጊዜም «እስቲ እኔም ላሽትተው» አላልኩም።

ጋሼን ለብቻቸው ጠርቼ ብጠይቃቸው ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር። ፈራሁ። ያሳደገኝን ሰው ፊት ለፊት «ሰረቁኝ ወይ?» ለማለት ወኔ አጣሁና ለጎረቤት ነገርኩ። ጎረቤት ለጎረቤት ነገረ። በሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የዕድሩ ሽማግሌዎችና ግማሹ ሰፈር እኛ ግቢ ወንበር ይዘው ተቀመጡ።

በሰፈራችን እንዲህ ያለ ነገር በመሐላ ነበር የሚያልቀው። የተጠረጠረው ሰው በደብሩ ታቦት በቂርቆስ ይምላል፤ ከማለ በኋላ ያን ነገር ያነሳ ሰው ነውረኛ ይባላል። ስለዚህ እኔ ክፉ ነገር ያደረግሁ አልመሰለኝም። እንዲያውም ደግ ሥራ የሠራሁ፣ ጋሼን ከሐሜት የማወጣቸው መስሎኝ ነበር። አንዲት ቃል ተናግረው፣ ሁላችንም ተቃቅፈን እንለያያለን ብዬ አስቤ ነበር።

«በቂርቆስ ይማሉና ይለቅ» አሉ የዕድሩ ሊቀመንበር።

ጋሼ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቁጭ ብለው ነበር። «አልምልም» አሉ።

ሰዉ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

«የንስሐ አባቴ በሐሰትም በእውነትም አትማል ብለውኛል። አልወሰድኩም ብያለሁ። ቃሌ ካልበቃችሁ ሌላ የምጨምረው የለኝም።»

«እውነት የያዘ ሰው ምን ያስፈራዋል? ይማሉና እንገላገል እንጂ!» አሉ ከፊት ለፊታችን ሱቅ የነበራቸው ሴትዮ። ሌላው «ታቦቱን ፈርተው ነዋ» ሲል ሰማሁ። ጉርምርምታው እያደገ ሄደ።

ራሴን የምጠላው እዚህች ላይ ነው። የታክሲ ሾፌር በሁለት ቃል መሐል አንዴ በሚምልበት ከተማ፣ እኚህ ሰው በሃያ ዓመት ውስጥ «እግዚአብሔርን» እንኳ ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። አባቴ በዚህ ይቀልድባቸው ነበር። እዚያ ግቢ ውስጥ ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ተነስቼ «እሳቸው ድሮም አይምሉም» ብል ነገሩ ያልቅ ነበር። ምላሴን ዋጥኩና መሬት መሬት አየሁ። ጋሼ አንድ ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ወንበሩ ላይ አስቀመጡና ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ሰፈሩ ተነሳ። ቤታችንም፣ የሴትዮዋ ሱቅም፣ ያ ግቢም ፈረሰ፤ ሰዉም ዕጣው ወደ ወሰደው ወደ ከተማው ዳር ተበተነ። እኔ እዚያው ቂርቆስ ቤት ተከራየሁ። አዲስ ሾፌር ቀጠርኩ፤ መኪናዋ ግን ያው ናት። ልጁ ሦስት ሳምንት ታግሎ «ብሮ፣ ይቺ መኪና ጠበል ነው የሚያስፈልጋት» ብሎኝ ሄደ።

በመጨረሻ አንድ ሰው ለገሃር ጀርባ ያሉ የናፍታ መካኒክ ጠቆመኝ። ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቁኝ።

«ይነዳት የነበረው ሰው ምን ይላል?»

የጋሼን ቃል እንዳለ ነገርኳቸው፤ ለካ በቃሌ ይዤዋለሁ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ንጹሕ ናፍታ ያለበት ትንሽ ጀሪካን ከወንበሩ አጠገብ አሰሩና ከሳልባትዮው የሚመጣውን የናፍታ ቱቦ ነቅለው፣ በሱ ፈንታ ከጀሪካኑ እንድትጠጣ አደረጓት። ዳገቱን ሁለት ጊዜ ወጣነው። አንድ ጊዜ እንኳ አልታነቀችም።

«ፓምፕህም ኖዝልህም ጤነኛ ነው» አሉኝ። «ሕመሙ ሳልባትዮው ውስጥ ነው።»

ሳልባትዮውን አውርደው ናፍታውን በባልዲ ገለበጡ። «ነጭ ጋዝ አለበት ይላሉ» አልኳቸው፤ ድምፄ ለራሴም አስጠላኝ። አሸተቱት። «የምን ነጭ ጋዝ? ናፍታ ነው» አሉ። ከዚያ ጫፉ የታጠፈ ሽቦ አስገብተው ሲጎትቱ የመዳፍ ስፋት ያለው፣ የተልፈሰፈሰ ሰማያዊ ፌስታል ወጣ። ሞተሩ ብዙ ሲስብ ፌስታሉ ተስቦ የቱቦው አፍ ላይ ይለጠፋል፤ ሲጠፋ ይለቅና ይንሳፈፋል። ይኸው ነው።

ፌስታሉ የእኔ ነበር። መታነቅ ከመጀመሯ በፊት አንድ እሁድ ዘመዶቼን ሰርግ ላደርስ ወስጃት፣ ማደያ ላይ ተጣድፌ የነዳጁን ክዳን ጥዬ ሄድኩ። እንደ ግማሹ የከተማው ሚኒባስ አፉን በፌስታል ወትፌ በገመድ አሰርኩት። በማግስቱ አዲስ ክዳን ስገጥም ፌስታሉ ተቀዶ ግማሹ ብቻ እጄ ላይ ቀረ። ሌላው ግማሽ የት እንደገባ አላየሁም፣ ለማየትም አልደከምኩም። ክዳን መጣሌ ስላሳፈረኝ ለጋሼም አልነገርኳቸው።

በነጋታው ፌስታሉን በወረቀት ጠቅልዬ ጎተራ ሄድኩ። በሩን ሲከፍቱልኝ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አነሱኝ፣ አስቀመጡኝ፣ የጠቀለልኩትን ፈትተው አዩት።

«አፏን የሚይዛት ነገር አለ ብዬ ነበር» አሉ።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ።»

«ይቅር ብያለሁ፣ እሱ አይከብደኝም። ግን ለብቻዬ አልጠየቅኸኝም እኮ፤ ሰፈር ሰብስበህ ነው ያስጠየቅኸኝ። እነዚያኑ ሰዎች ሰብስብና በፊታቸው ንገርልኝ።»

«ጋሼ፣ ሰፈሩ እኮ የለም።»

«አውቃለሁ» አሉና ፌስታሉን መልሰው ጠቀለሉት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዎቹን እፈልጋለሁ። የአንዳንዱ ስልክ አይሠራም፣ አንዳንዱ ክፍለ ሀገር ገብቷል፣ ሊቀመንበሩ ታመው ሰው አይለዩም። ባለፈው ባለሱቋን ሴትዮ በሁለት ታክሲና በአንድ ባጃጅ ሄጄ አገኘኋቸው። ስለ ሰፈሩ አለቀሱ፣ ውሃ ሰጡኝ። ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው፤ ጀሪካኑን፣ ሳልባትዮውን፣ ክዳኑን የጣልኩት እኔ መሆኔን። ፌስታሉን አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩትና ከንፈራቸውን መጠጡ። ደስ አለኝ፤ አንድ ሰው አገኘሁ አልኩ።

ፌስታሉን መለሱልኝና ትንሽ አሰቡ።

«እሱስ ይሁን» አሉ። «ግን ታዲያ ለምን አልምልም አሉ?»